ሳይቃጠል በቅጠል፦ የታክሲዎን ቀለምና ላሜራ ከኮሎምበስ ጨው ስለ መጠበቅ

በአገራችን ጨው ትልቅ ሀብት ነበር። ከዳናክል በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገበያይ ኖሯል። እዚህ ኮሎምበስ ግን ጨው በከባድ መኪና ተጭኖ መንገድ ላይ ይበተናል። ከሩቅም የሚመጣ አይደለም፤ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ በክሊቭላንድ ከተማ ከኢሪ ሐይቅ ወለል በታች ወደ 1,800 ጫማ ያህል ጠልቀው የሚያወጡት የጨው ማዕድን አለ። ይህ ጨው በበረዶ ወራት መንገዱን አቅልጦ ሕይወታችንን ያተርፋል። ያው ጨው ደግሞ እንጀራችን የሆነውን መኪና ከሥር ይበላዋል።

ለሌላው ሰው መኪና መጓጓዣ ነው። ለታክሲ ባለንብረት ግን ሱቁ ነው፤ ለባለ ሱቅም ዕቃ የምታመላልሰው ቫን የሱቁ እግር ናት። ብዙዎቻችን ሞተሩን እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቃለን፤ ዘይቱን በወቅቱ እንቀይራለን፣ ፍሬኑን እናስፈትሻለን። ቀለሙንና የሥረኛውን አካል ግን «ለውበት ነው» ብለን እንተወዋለን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሞተሩ ገና ደኅና ሳለ ላሜራው ተበልቶ መኪናው ዋጋ ያጣል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ቀለም ጌጥ ሳይሆን የብረቱ ልብስ ነው፤ ልብሱን በየወቅቱ በጥቂት ድካም የጠበቀ ሰው በኋላ ከብዙ ወጪ ይድናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የመኪናው ልብስ ስንት ድርብ ነው?

ከውጭ ሲያዩት አንድ ቀለም ይመስላል እንጂ ድርብርብ ነው። በመጀመሪያ ብረቱ አለ፤ በአብዛኞቹ የዛሬ መኪናዎች ብረቱ ላይ ስስ የዚንክ ሽፋን ይደረጋል። ከዚያ አካሉ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚጣበቅ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። በላዩ መደብ ቀለም፣ ቀጥሎ የምናየው ቀለም፣ በመጨረሻም የላሜራ ሠራተኞች ክሊር ኮት የሚሉት እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ይመጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አያልፍም። ክሊር ኮቱ ብቻውን ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል።

ይህን ማወቅ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ መኪናዎን በደረቅ ጨርቅ አቧራውን በጠረጉ ቁጥር፣ በቆሻሻ ብሩሽ ባሹት ቁጥር ከዚህ ስስ ልብስ ላይ እየፋቁ ነው። ሁለተኛ፣ በአውራ ጎዳና ላይ የምትፈናጠር ትንሽ ጠጠር ሁሉንም ድርብ በአንድ ጊዜ በስታ ብረቱን ልታገኝ ትችላለች። ዝገት የሚጀምረው ከእንደዚህ ያለችው ቀዳዳ ነው።

ጨው የሚጎዳው እንዴት ነው?

ብረት ለመዛግ አየርና ውሃ ያስፈልጉታል። ጨው ሲጨመር ሥራው ይፈጥናል፤ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱ ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ይገሰግሳል። ከዚህም በላይ ጨው እርጥበት ይይዛል። ብርዱ ሲጠነክር የሚጨመሩት ካልሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳቡ ከመኪናው ሥር ሳይደርቁ ይሰነብታሉ። በረዶ ከመጣሉ በፊት መንገድ ላይ የሚረጨው የጨው ውሃ፣ ያ ነጭ መስመር ሠርቶ የምናየው፣ እንደ ጉም ተረጭቶ ትልቁ የጨው ፍሬ ወደማይደርስበት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብርዱ ራሱ ዝገት አያመጣም፤ እንዲያውም ከ32 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች ዝገቱ ይዘገያል። ጨው የለበሰ መኪና አስገብተው በሚሞቅ ቤት ውስጥ ሲያሳድሩት ግን በረዶው ይቀልጣል፣ ጨው ይሟሟል፣ ሙቀቱም ዝገቱን ያፋጥነዋል። ስለዚህ የሚሞቅ ማቆሚያ ያለው ሰው ዕድለኛ የሚሆነው መኪናውን አጥቦ ካስገባ ብቻ ነው።

የሚያስፈራው ዝገት ደግሞ በር ላይ የሚታየው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጨው በሚበተንባቸው ስቴቶች የቆዩ መኪናዎች የፍሬን ቱቦ ከሥር ተበልቶ ሊፈነዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ባለ መኪናዎች የመኪናቸውን ሥር በየጊዜው እንዲያጥቡና ቱቦዎቹን እንዲያስፈትሹ መክሯል። ኦሃዮም ከእነዚህ ስቴቶች አንዷ ናት። ከኋላዎ ተሳፋሪ ጭነው የፍሬኑ መርገጫ ወለሉ ድረስ ቢሰምጥ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግርዎ አያስፈልግም። አገር ቤት ለቦሎ ሲባል ማንኛውም መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ ኦሃዮ ግን ለግል መኪና እንዲህ ያለ የየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ የላትም። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ባሉ ሰባት ካውንቲዎች የሚደረገው የጭስ ምርመራ ነው፤ እኛ ያለንበት ፍራንክሊን ካውንቲ በዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ ራስዎ ካላስነሡት ከሥር የሚያይልዎ ሰው አያገኙም።

ኦክቶበርና ኖቬምበር፦ ካባውን ማልበስ

ኮሎምበስ ላይ በአማካይ በዓመት ወደ 28 ኢንች በረዶ ይጥላል። ጨው ከመበተኑ በፊት፣ ቀኑ ገና ከ50 ዲግሪ በላይ ሳለ፣ የሚከተሉትን ይፈጽሙ።

በመጀመሪያ መኪናውን በመኪና ሻምፑ ይጠቡት። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አይጠቀሙ፤ እሱ ቅባት ለማስለቀቅ የተሠራ ስለሆነ ሰሙንም ያስለቅቃል። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ አንዱ ሳሙና ያለው፣ አንዱ ጨርቁን የሚያለቀልቁበት ንጹሕ ውሃ። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ፤ አሸዋ የሚበዛው ከታች ነውና።

ቀጥሎ ጠጠር የመታውን ይፈልጉ። ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው ኋላ ያለውን ክፍል በእጅዎ እየዳበሱ ይዩ። የቀለሙ መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ በዚያ ቁጥር ትንሽ የቀለም ብልቃጥ ከመኪናው ሻጭ ወይም ከመለዋወጫ ሱቅ ይገዛል። ቦታውን አጥበው ያድርቁ፤ ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት እስኪነጣ ይፈትጉት፤ አንቲ ረስት ይቀቡ፤ ሲደርቅ ቀለሙን ስስ አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደራርቡ፤ በመጨረሻም ክሊር ኮት። የሚያምር ሥራ ላይሆን ይችላል፤ ቀዳዳው ግን ይዘጋል።

ከዚያ ሰም ይቀቡ። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ የሚባለው ሰም ያበራል፣ ግን የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው። ሲላንት የሚባለው ሰው ሠራሽ ሽፋን ብዙ ወራት ስለሚቆይ ለበረዶው ወራት የተሻለ ነው። ሰሙ ማለቁን የሚያውቁት በውሃ ነው፤ ውሃ ሲያፈሱበት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ ሰም አለ፣ እንደ ጨርቅ ተዘርግቶ ከቀረ አልቋል።

ስለ ሥረኛው ክፍል ሁለት ዓይነት ቅብ አለ። አንደኛው እንደ ጎማ የሚደርቅ ጥቁር ቅብ ነው፤ ይህ በአዲስ መኪና ላይ በሚገባ ከተሠራ ጥሩ ነው፣ በዛገ ብረት ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ዝገቱን ይሸሽግልዎታል። ሁለተኛው የማይደርቅ ዘይት ወይም ከበግ ፀጉር ቅባት የሚሠራ ነው፤ በየዓመቱ መደገም አለበት፣ ነገር ግን ወደ ስንጥቁ እየሠረገ ስለሚገባ ለቆየ መኪና ይሻላል። የትኛውንም ቢያስቀቡ በበሮቹ ግርጌ ያሉት የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ይንገሩ፤ ቀዳዳው ከተደፈነ በሩ ውኃ ያቆራል። ከመስተዋቱ ግርጌ የተጠራቀመውንም ቅጠል ማውጣት አይርሱ።

ከዲሴምበር እስከ ማርች፦ ማጠብ፣ ግን በጊዜው

የታክሲ ሰው ከአይ 70 እስከ አይ 270፣ ከኤርፖርት እስከ ዳውንታውን ቀኑን ሙሉ ጨው ላይ ነው። በየአሥር ቀኑ፣ ጨው በብዛት ከተበተነ ደግሞ ከዚያም ቶሎ ያሳጥቡ። ከሥር የሚረጭ ላቫጆ ይምረጡ፤ ያለዚያ የታጠበው የሚታየው ብቻ ነው። ብሩሽ የማይነካው ላቫጆ ለቀለሙ ይሻላል። ሳንቲም አስገብተው ራስዎ በሚያጥቡበት ቦታ የተሰቀለውን የአረፋ ብሩሽ አይንኩ፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው የፒክአፕ መኪናውን ጭቃ አሽቶበት ሊሆን ይችላል።

ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነበትን ቀን፣ ጠዋቱን ይምረጡ፤ ማታ ከመቀዝቀዙ በፊት ይደርቃል። ማታ አጥቦ ያሳደረ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለኤርፖርት ሥራ ሲነሣ በሩ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ያገኘዋል፤ ቢታገለው እጀታውን ይሰብራል ወይም ጎማውን ይገነጥላል። ካጠቡ በኋላ በሮቹን ከፍተው መቃኑን በጨርቅ ያድርቁ፣ የበሩን ጎማ ሲሊኮን ይቀቡት።

በረዶ ሲያራግፉ የመስተዋት መፋቂያውን በቀለም ላይ አያሳርፉ፤ የቤት መጥረጊያም ይተዉ። ለዚሁ የተሠራ የስፖንጅ መግፊያ አለ። ደግሞም ተሳፋሪዎችዎ በጫማቸው ጨው ይዘው ይገባሉ። ምንጣፉ ሥር የተኛ ጨዋማ ውሃ ወለሉን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ጠርዙ ከፍ ያለ የጎማ ምንጣፍ አድርገው ማታ ማታ ውሃውን ይድፉ።

ኤፕሪል፦ ትልቁ አጠባ

ጨው መበተኑ ሲያበቃ «ዝናቡ ያጥበዋል» ብለው አይተዉት። ዝናቡ ከላይ ነው፣ ጨው ያለው ከሥር ነው። በዓመት አንድ ቀን ለዚህ ይስጡ። የጎማውን ጎድጓዳ ውስጥ፣ የበሮቹን ግርጌ፣ የኋላ ሣጥኑን ጠርዝና የትርፍ ጎማውን ማስቀመጫ ይጠቡ። ምንጣፉን አንሥተው ያድርቁ፤ ነጭ የጨው ቅሪት ካለ ውሃና ነጭ አቼቶ እኩል ቀላቅለው ያስለቅቁት። ከዚያ ዘይት ሲቀይሩ መካኒኩ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎችን፣ ሻንሲውንና ማርሚታውን በመብራት እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። «ደኅና ነው» ሲልዎ ብቻ አይበቃም፤ ከሥር ገብተው ራስዎ ይዩ።

ቤት ደጅ ላይ ስለማጠብም አንድ ነገር እንበል። የመንገድ ዳር ፍሳሽ የሚሄደው ሳይጣራ ወደ ሳዮቶ፣ ኦለንታንጂ ወይም አለም ክሪክ ነው። የላቫጆ ውሃ ግን ወደ ማጣሪያ ይወርዳል። ለንግድ የሚሠራ መኪናን በሱቅ ደጅ ከማጠብ ላቫጆ መውሰድ ከጣጣም ያድናል።

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር፦ ፀሐይ፣ ወፍና ዛፍ

የበጋው ጠላት ሌላ ነው። የፀሐይ ጨረር ክሊር ኮቱን እያደረቀ ያደክመዋል፤ መጀመሪያ የሚደበዝዙት ጣሪያውና ኮፈኑ ናቸው። ክሊር ኮት አንዴ እንደ ቆዳ መላጥ ከጀመረ ሰም አይመልሰውም፤ መድኃኒቱ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። ስለዚህ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ጥላ ከተገኘ ይጠቀሙ፤ በበጋው መጀመሪያም ሰሙን ይድገሙት። መኪናው ፀሐይ አግሎት ሳለ አይጠቡት፤ ሳሙናው ደርቆ ምልክት ይተዋል።

የወፍ ኩስ ለነገ አይባልም። ሙቀቱ ክሊር ኮቱን ያለሰልሰዋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ በደረቀው ኩስ ቅርጽ ይጠነክርና ምልክቱ ይቀራል። በመኪናው ውስጥ ትንሽ የውሃ ጠርሙስና ለስላሳ ጨርቅ ይያዙ፤ አርሰው፣ ጥቂት ቆይተው፣ ሳይፈትጉ ያንሡት። የዛፍ ሙጫን በጥቂት አልኮል ማስለቀቅ ይቻላል፤ ከዚያ ታጥቦ ሰም ይደገማል። የፊት መብራቱ ፕላስቲክ ቢጫ ከሆነም ማስወልወል ይገባል፤ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ምልክት ለለጠፉ መኪናዎች

በማግኔት የሚጣበቅ የሱቅ ማስታወቂያ ወይም የታክሲ መብራት ያለው ሰው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ያንሣው፤ ሁለቱንም ፊት አጥቦና አድርቆ ይመልሰው። ከሥሩ ውሃና አሸዋ ከታሰረ ቀለሙን ያበላሸዋል። ጣሪያው ተበስቶ በቡሎን የታሰረ መብራት ካለ የቀዳዳው ዙሪያ በሲሊኮን መታሸጉን በየኦክቶበሩ ይዩ። ለብዙ ዓመት የተለጠፈ ጽሑፍ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ቀለም ሳይደበዝዝ ስለሚቆይ የድሮው ስም ጥላው ይቀራል፤ ያገለገለ ታክሲ ሲገዙ ይህን ያስታውሱ።

ሲገዙና ሲፈርሙ

ያገለገለ መኪና ሲገዙ ተንበርክከው ከሥር ይመልከቱ። በአሮጌ መኪና ሥር ትኩስ ጥቁር ቅብ ካዩ «ምን ሊሸፍን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ትንሽ ማግኔት በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ግርጌና በፓራፋንጎው ላይ ይሞክሩ፤ ላሜራው ብረት ሆኖ ሳለ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

አዲስ ሲገዙ ደግሞ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ «የቀለም መከላከያ» ወይም «የዝገት ዋስትና» የሚባል ተጨማሪ ክፍያ ከብድሩ ጋር ተደምሮ ሊቀርብልዎ ይችላል። ይህ በፈቃድዎ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ያለ እሱ ብድር አይሰጥም ቢባሉ በጽሑፍ ይጠይቁ። ፋብሪካው ራሱ የሚሰጠው የዝገት ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ከውስጥ ወደ ውጭ በስቶ የወጣ ዝገትን ነው፤ ጠጠር መትቶት የዛገውን አይሸፍንም። ኢንሹራንስም በረዶ ድንጋይ ወርዶ ቢያጎደጉደው፣ ኮምፕሪሄንሲቭ ካለዎት ይከፍላል፤ ዝገትን ግን እንደ እርጅና ስለሚቆጥረው አይከፍልም።

ደረሰኙን አይጣሉ

ለማጠቢያ፣ ለሰም፣ ለሥር ቅብ የከፈሉት የንግድ ወጪ ነው። ነገር ግን ሁለት መንገድ አለ። በየማይሉ በሚታሰበው የታክስ መሥሪያ ቤት ተመን የሚሠሩ ከሆነ ጥገናውና እጥበቱ በተመኑ ውስጥ ስላለ ለብቻው ደግመው ሊቀንሱት አይችሉም። ተመኑ በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ የታክሲ ባለንብረቶችም ከ2011 ጀምሮ ሊጠቀሙበት ተፈቅዷል፤ አምስትና ከዚያ በላይ መኪና በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ግን አይችልም። ትክክለኛውን ወጪ የሚያስቡ ከሆነ እያንዳንዷ ደረሰኝ ገንዘብ ናት። ቤተሰብ ለማስመጣት አይ 864 በተባለው ቅጽ ስፖንሰር ለመሆን ያሰቡም ይህን ያስተውሉ፤ የሚታየው ገቢ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው። የወጪው ምርጫ ከሂሳብ ሠራተኛዎ ጋር ቀደም ብሎ ይመከርበት፤ የሚጻፈው ግን ምንጊዜም እውነቱ ይሁን።

ከሁሉ በላይ፣ ቀኑን የሚያስታውስዎ ነገር ያድርጉ። ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉ፦ ኦክቶበር ሰምና የሥር ቅብ፤ በበረዶ ወራት በየአሥር ቀኑ እጥበት፤ ኤፕሪል ትልቁ አጠባና የፍሬን ቱቦ ፍተሻ፤ በበጋ ጥላና ሰም። በዓመት ጥቂት ቅዳሜዎች ናቸው። አሞሌ ተሸክሞ ይሄድ የነበረ ነጋዴ ጨዉን ከዝናብ ይጠብቅ ነበር፤ እኛ ደግሞ መኪናችንን ከጨው እንጠብቅ።

መልካም ሥራ፤ መልካም መንገድ።